«ለምን ተፈጠርኩ?» መልስ አለው፤ ያንተ ጥያቄ «የት ልቁም?» ነው

ውድ ወንድሞችና እህቶች፣ ጽሑፉ ረዘም ያለ ነው። ጊዜ ወስዳችሁ እስከ መጨረሻው አንብቡት።

በመግሪብና በዒሻ መካከል መስጂድ ውስጥ ከሚቆዩ ወጣቶች አንድ ጥያቄ ደጋግሞ ይመጣል። አጠያየቁ ይለያያል። አንዱ «ኡስታዝ፣ ሕይወቴ ትርጉም አጣብኝ» ይላል። ሌላው «ከተመረቅኩ ሁለት ዓመት ሆነኝ፣ ቁጭ ብያለሁ፣ ለምን እንደምኖር አላውቅም» ይላል። እህቶችም «ይነጋል ይመሻል፣ እኔ እዚያው ነኝ» ይላሉ። ሲጨመቅ ጥያቄው አንድ ነው፤ የሕይወቴ ዓላማ ምንድን ነው?

ለዚህ ጥያቄ ዛሬ ከሁለት አቅጣጫ መልስ ይሰጣል። በኔ እይታ ሁለቱም ጎደሎ ናቸው።

አንደኛው የሞቲቬሽን ተናጋሪዎች መልስ ነው። «ወደ ውስጥህ ተመልከት፣ የምትወደውን ነገር ፈልግ፣ ህልምህን ተከተል» ይሉታል። ወጣቱም ወደ ውስጡ ይመለከታል። እዚያ የሚያገኘው ግን ጭንቀቱን፣ ማታ ቲክቶክ ላይ ያየውን የሰው ኑሮና ነገ የሚቀያየር ስሜቱን ነው። ሲፈልግ ከርሞ ምንም ሲያጣ «እኔ ዓላማ የሌለኝ ሰው ነኝ» ብሎ ይደመድማል።

ሁለተኛው ከዳዕዋ መድረክ የሚሰማው አጭር መልስ ነው። «የተፈጠርከው ለኢባዳ ነው፤ ስገድ፣ ቅራ፣ ሶብር አድርግ» ይባልና ነገሩ ይዘጋል። ይህ መልስ ሐቅ ነው፤ ከሱ በላይ ሐቅ የለም። ግን ወጣቱ ሱብሒን ሰግዶ ሲወጣ እስከ ዙህር ሰባት ሰዓት ያህል ይጠብቀዋል። እጁ ባዶ፣ ኪሱ ባዶ፣ የሚጠብቀው ሰው የለም። «ስገድ» የተባለው ሰግዷል። አሁን የሚጠይቀው ከሰላት በኋላ ስላለው ሰዓት ነው።

ወንድሜ፣ እህቴ፣ እነዚህ ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎች ናቸው። «ለምን ተፈጠርኩ?» አንድ ነው፤ «የት ልቁም?» ሌላ ነው። ችግሩ የሚጀምረው ሁለቱን ስንቀላቅል ነው።

*የመጀመሪያው ጥያቄ ተመልሷል*

አላህ ሱብሓነሁ ወተዓላ ጂንንና ሰውን የፈጠረው እንዲያመልኩት መሆኑን በሱረቱ አዝ-ዛሪያት ነግሮናል። ሞትንና ሕይወትን የፈጠረው ማንኛችን ሥራው እንደሚያምር ሊፈትነን መሆኑን በሱረቱል ሙልክ ነግሮናል። በከንቱ እንዳልተፈጠርንና ወደርሱ እንደምንመለስ በሱረቱል ሙእሚኑን ነግሮናል። ስለዚህ የሙስሊም ወጣት የሕይወቱን ትርጉም ከባዶ የመፍጠር ሸክም የለበትም። ይህ ትልቅ እፎይታ ነው። ሥራ ባይኖርህም፣ ፈተና ብትወድቅም፣ ማንም ባያውቅህም የተፈጠርክበት ዓላማ አልተነካም። ማንም ሊወስድብህ አይችልም።

ኢባዳ ደግሞ ሰፊ ነው። ሰው የአላህን ፊት ፈልጎ ለቤተሰቡ በሚያወጣው ወጪ፣ ሚስቱን በሚያጎርሳት ጉርሻ እንኳ አጅር እንዳለው ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ለሰዕድ ኢብኑ አቢ ወቃስ (ረ.ዐ) ነግረውታል። ከመንገድ ላይ እንቅፋት ማንሳትን ከኢማን ቅርንጫፎች ቆጥረውታል። እንግዲህ መስጂድ ውስጥ ያለው ኢባዳ ከመስጂድ ውጭ ወዳለው እንዲያደርስህ ነው እንጂ እዚያው እንዲያበቃ አይደለም።

ይህ የመጀመሪያው መልስ ሳይያዝ ትልቅ ቦታ መድረስ ልብን እንደማይሞላ ከኢማም አል-ገዛሊ (አላህ ይዘንላቸው) ታሪክ እንማራለን። በ484 ሂጅሪያ በባግዳድ የኒዛሚያ መድረሳ ሙደሪስ ሆነው ሲሾሙ ገና 34 ዓመት ገደማቸው ነበር። ከዘመኑ ታላላቅ የዒልም ወንበሮች አንዱ ነው፤ ሦስት መቶ ያህል ደረሳ ይቀራባቸው ነበር። በ488 ላይ ግን ራሳቸውን መረመሩ። የሚያስተምሩበት ኒያ ለአላህ የጠራ እንዳልሆነ፣ ክብርና ዝና ፍለጋ እንደገፋቸው አዩ። ስድስት ወር ያህል «ልሂድ፣ ልቅር» ሲሉ ቆዩ። በመጨረሻ ምላሳቸው ተያዘ፤ ማስተማር አቃታቸው፤ ምግብም አልወርድ አላቸው። ሁሉን ትተው ወደ ሻም ወጡ። ይህን ራሳቸው «አል-ሙንቂዝ ሚነ ድ-ደላል» በተባለው ኪታባቸው ተርከውታል።

ልብ በሉ! ዛሬ ብዙ ወጣት «ሥራ ባገኝ፣ ብታወቅ፣ ብከበር ባዶነቱ ይለቀኛል» ይላል። እርሳቸው ሥራም፣ ዝናም፣ ክብርም ነበራቸው፤ ባዶነቱ ግን እዚያው መሐል አገኛቸው። ታሪኩም እዚያ አላበቃም። በ499 ሂጅሪያ በነይሳቡር ወደ ማስተማር ተመለሱ። ሥራው ያው ነው፤ የተቀየረው ኒያው ነው። የመጀመሪያው ጥያቄ ሲስተካከል ሁለተኛውም ቦታውን ያዘ።

*ሁለተኛው ጥያቄና ፈርድ ኪፋያ*

«የት ልቁም?» ለሚለው ጥያቄ ዲናችን ካርታ ሰጥቶናል። ካርታው ፈርድ ኪፋያ ይባላል። ቃሉን ሁላችንም መድረሳ ሰምተነዋል፤ ግን ከሰላተል ጀናዛ ውጭ ስንት ቦታ እንደሚገባ የምናስተውለው ጥቂቶች ነን።

ፈርድ ዐይን እያንዳንዱ ሰው ራሱ መፈጸም ያለበት ነው፤ እንደ አምስት ወቅት ሰላት፣ እንደ ረመዳን ጾም። ፈርድ ኪፋያ ደግሞ ከማኅበረሰቡ የሚበቃ ያህል ሰው ከሠራው ከሌላው የሚነሳ፣ ማንም ካልሠራው ግን መሥራት እየቻለ የተወ ሁሉ የሚጠየቅበት ግዴታ ነው። ኢማም አል-ገዛሊ በ«ኢሕያእ»ቸው ሕክምናንና ሒሳብን ከዚህ ይቆጥራሉ። እርሻን፣ ሽመናንና ልብስ ስፌትንም ይጨምራሉ። እንዲያውም በዘመናቸው አንድ ነገር አሳዝኗቸዋል፤ ተማሪው ሁሉ ለክርክርና ለሹመት ወደሚያደርሰው ፊቅህ ሲጎርፍ፣ ሙስሊም ሐኪም የሌለበት ከተማ ግን በርካታ ነበር። ሰው ወደታየበትና ወደተሞገሰበት ይሮጣል፤ ወደጎደለው አይሮጥም።

ይህ ከተጻፈ 900 ዓመት አልፎታል። ዛሬስ በየከተማችን ምን አለ?

በመስጂድ አገልግሎት ያለ ሰው ክፍተቱን በየቀኑ ያየዋል። ሴት ስትሞት የምታጥባት እህት ፍለጋ ሰፈር ለሰፈር ይደወላል፤ የምትችለው አንዲት እናት ናቸው፣ እርሳቸውም አርጅተዋል። መድረሳው ሕጻናት ሞልተውታል፤ የሚያስቀራው ኡስታዝ አንድ ነው። የዘካ ተቀባዮች ስም በወረቀት ቁርጥራጭ ላይ ነው፤ ሒሳብ ተምሮ የተመረቀ ወጣት ግን በር ላይ ቆሞ «ሥራ የለም» ይላል። መስማት የተሳነው ወንድም ጁሙዓ መጥቶ ኹጥባውን በዓይኑ ብቻ አይቶ ይመለሳል፤ በምልክት ቋንቋ የሚነግረው የለም። ሴት ሐኪም ወይም አዋላጅ ነርስ የምትሻ እህት ታጣለች። የአባቱን ውርስ በሸሪዓ መከፋፈል የሚፈልግ ቤተሰብ ጉዳዩን የሚያስረዳው አጥቶ ወንድማማቾች ይኳረፋሉ። የቲሙ ልጅ 8ኛ ክፍል ላይ ሒሳብ ከብዶት ሊያቋርጥ ነው፤ ጎረቤቱ ያለው የዩኒቨርሲቲ ምሩቅ ስሙን እንኳ አያውቀውም።

ስለዚህ አንድ ሰፈር ውስጥ ሁለት ነገር ጎን ለጎን ተቀምጧል፤ «ዓላማ የለኝም» የሚል ወጣትና ሰው ያጣ ሥራ። ሁለቱ እስኪገናኙ ነው ጥበቃው።

*በር ሲዘጋብህ*

«እኔ እኮ ወድቄያለሁ» የሚል አለ። እውነት ነው፣ ዘመኑ ለተማሪ ከባድ ሆኗል። በኢትዮጵያ አቆጣጠር በ2014 እና በ2015 በተሰጡት የ12ኛ ክፍል ፈተናዎች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጣው ከመቶ ተፈታኝ ሦስት ገደማ ብቻ ነበር። የቀረው እጅግ ብዙ ወጣት በአንድ ወረቀት «ቦታ የለህም» የተባለ መስሎት ቤቱ ተቀመጠ።

ለዚህ ወጣት የዘይድ ኢብኑ ሣቢትን (ረ.ዐ) ታሪክ እንንገረው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) መዲና ሲገቡ የ11 ዓመት ልጅ ነበር፤ የቲምም ነው። እንደ ጓደኞቹ ለበድር ዘመቻ ቢጓጓም እድሜው ስላልደረሰ አልተቀበሉትም። ያ በር ተዘጋ። ግን ዘይድ ሌላ ነገር በእጁ ነበር፤ ቶሎ የሚይዝ አእምሮ አለው፣ ሱራዎችን ሐፍዟል፣ መጻፍ ይችላል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ከአይሁዶች የሚመጣና ወደነሱ የሚሄድ ደብዳቤ የሚያምኑት ሰው ስላስፈለጋቸው ጽሕፈታቸውን እንዲማር አዘዙት፤ በግማሽ ወር ውስጥ ተማረው። ከዚያ የወሕይ ጸሐፊ ሆነ። ከየማማ ጦርነት በኋላ አቡበከር (ረ.ዐ) ቁርኣንን በአንድ ላይ እንዲሰበስብ አደራ ሲሰጡት ገና ወጣት ነው። አደራው ከመክበዱ የተነሳ ተራራ አንሳ ቢባል እንደሚቀለው ተናግሯል። በዑስማን (ረ.ዐ) ዘመን ሙስሐፉ ሲባዛም ከሠሩት መሪው ነበር።

ዛሬ ቁርኣን በእጃችን ስንይዝ የዚያ በበድር የተመለሰ ልጅ ልፋት አብሮን አለ። ዘይድ ዓላማውን ተቀምጦ አላገኘውም። ክፍተት ነበረ፤ በእጁ ያለው ነገር ከክፍተቱ ጋር ገጠመ፤ ትንሹን አደራ በደንብ ሲወጣ ትልቁ መጣ።

እህቶቼ፣ እናንተም ሩፈይዳ አል-አስለሚያን (ረ.ዐ) አስቧት። ቁስለኛ የማከም እውቀት ነበራት። በኸንደቅ ዘመቻ ሰዕድ ኢብኑ ሙዓዝ (ረ.ዐ) በቀስት ሲቆስል ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) መስጂድ ወዳለው የሩፈይዳ ድንኳን እንዲወሰድ አድርገዋል። በመስጂዳቸው ግቢ የአንዲት ሴት እውቀት ቦታ ነበረው።

ከኛ አገር ደግሞ ሸይኽ ሙሐመድ ሳዲቅንና ሐጂ ሙሐመድ ሳኒ ሐቢብን (አላህ ይዘንላቸው) እናንሳ። የቁርኣንን መልእክት በአማርኛ ማንበብ የማይቻልበት ዘመን ነበር። እነዚህ ዑለሞች ያንን ክፍተት ለመድፈን ተቀመጡ፤ ትርጉሙም በኢትዮጵያ አቆጣጠር በ1961 ታትሞ ወጣ። አያቶቻችን ያላገኙትን እኛ ሱቅ ገብተን የምንገዛው እነሱ ስለደከሙበት ነው።

*ሦስት እንቅፋቶች*

አንደኛው «ትንሽ ነው» የሚል ንቀት ነው። በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) መስጂድ የምትጠርግ አንዲት ጥቁር ሴት ነበረች። ሌሊት ሞተች፤ ሰሓቦቹ ጉዳዩን ቀለል አድርገው ሳይነግሯቸው ቀበሯት። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ግን ስላጧት ጠየቁ። ለምን እንዳልነገሯቸው ወቀሱ፤ ቀብሯ ድረስ ሄደው ሰገዱባት። ሰው የናቀውን ጥረጋ እርሳቸው አልናቁትም። ዛሬ «ትልቅ ነገር እስክሠራ» ብሎ የተቀመጠ ወጣት፣ መጥረጊያ ይዛ ከቆመችው ሴት በምን ይበልጣል?

ሁለተኛው «ሕይወቴ የሚጀምረው ስሄድ ነው» የሚል ሐሳብ ነው። ሐላል ሪዝቅ ፍለጋ መሄድ ነውር አይደለም፤ እናትና አባትን መርዳት ራሱ ኢባዳ ነው። ነገር ግን በኦቦክ በኩል ባሕሩን፣ በየመን በኩል በረሃውን እያሰበ ሦስት ዓመት ሰፈሩን እንደ መጠበቂያ ክፍል የሚያይ ወጣት፣ ሦስቱን ዓመት ከእድሜው ቀንሶ ጥሏል። እዚህ ያልቆመ ሰው ሪያድም ጂዳም ሲደርስ ባዶነቱን በሻንጣው ይዞት ይገባል። ብትሄድም፣ ብትቀርም የዛሬው ቀን ተቆጥሮብሃል።

ሦስተኛው «በነጻ ሠርቼ ምን እበላለሁ?» የሚል ነው። ይህ ተገቢ ጥያቄ ነው፤ በስብከት አይዘጋም። ሰው መብላት አለበት፤ ከሰው እጅ መጠበቅን ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) አልወደዱም፤ እንጨት ለቅሞ ተሸክሞ መሸጥ እንደሚሻል ተናግረዋል። ስለዚህ ባጃጅ መንዳት፣ ሞባይል መጠገን፣ ልብስ መስፋት፣ ሱቅ መቆም በሐላል እስከሆነ ድረስ የዓላማህ ጠላት አይደለም። የእንጀራህ ሥራና አገልግሎትህ አንድ ቢሆኑ ኸይር ነው፤ ባይሆኑም ከሳምንቱ ሁለትና ሦስት ሰዓት ለክፍተቱ መስጠት ትችላለህ። ባጃጅ የሚነዳው ወንድም ማታ የቲሙን ልጅ ሒሳብ ቢያስጠና ማን ይከለክለዋል?

*ለታላላቆቻችንም አንድ ቃል*

ወቀሳው ሁሉ ወደ ወጣቱ ከሄደ ፍትሕ አይደለም። በብዙ ቦታ ወጣቱ የሚጠራው ምንጣፍ ሲነጠፍና ወንበር ሲነሳ ነው፤ ምክክር ሲሆን «ገና ልጅ ነው» ይባላል። ኡሳማ ኢብኑ ዘይድ (ረ.ዐ)፣ የሐበሻይቱ የኡሙ አይመን ልጅ፣ ሃያ ዓመት ሳይሞላው ታላላቅ ሰሓቦች ያሉበትን ጦር እንዲመራ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሾመውታል። አንዳንዶች በእድሜው ሲያጉረመርሙም ለሹመቱ የሚገባ መሆኑን ተናገሩ። አባቶቻችን፣ የመስጂድ ኮሚቴዎቻችን፣ አደራ ያልተሰጠው ልጅ አደራ መሸከም ከየት ይማራል? መዝገቡን ስጡት፤ ቢሳሳት አርሙት። መስጂድ ውስጥ ቦታ ያጣ ወጣት ጫት መቃሚያው ቤት ውስጥ ቦታ አያጣም፤ እዚያ «ና፣ ግባ» የሚለው ብዙ ነው።

*ከዚህ ሳምንት ጀምሮ*

1. መጀመሪያ ሰላትህን አስተካክል። የተፈጠረበትን ያላጸና ሰው የቆመበት ቦታ አይጸናለትም።

2. ወረቀት ያዝ። በአንድ በኩል በቤትህ፣ በሰፈርህ፣ በመስጂድህ የጎደለውን ጻፍ። ከቤት ጀምር፤ የታመመች እናት ያለችው ሰው የመጀመሪያ ቦታው እዚያ ነው። በሌላ በኩል በእጅህ ያለውን ጻፍ፤ ማንበብ፣ ሒሳብ፣ ኮምፒውተር፣ ጉልበት፣ መንጃ ፈቃድ፣ ሁለተኛ ቋንቋ። ሁለቱ ዝርዝር የሚገናኙበትን አንድ ነጥብ ምረጥ። አንድ ብቻ።

3. የምታምነውን አዋቂ ሰው አማክር፤ ኢስቲኻራህንም ስገድ። ከኢስቲኻራ በኋላ ሕልም አትጠብቅ፤ እርምጃህን ጀምር፣ ኸይር ከሆነ አላህ ያገራዋል።

4. ትንሽ ይሁን፣ ግን አይቋረጥ። አላህ ዘንድ ተወዳጁ ሥራ ቢያንስም የሚዘወተረው መሆኑን ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) አስተምረውናል። በሳምንት አንድ ቀን ከሆነ ያንን ቀን እስከ ረመዳን አትልቀቅ።

5. ኒያህን አድስ። ፎቶ ተነስተህ ሳትለጥፈው ደስ የሚልህ ከሆነ ጥሩ ምልክት ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ለሳምንታት እንቅልፍ የነሳህ፣ ምግብ የዘጋህ፣ «በሞትኩ» የሚያሰኝህ ጨለማ ካለ፣ ያ ዓላማ ከማጣት በላይ ሕመም ሊሆን ይችላል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) መድኃኒት እንድንፈልግ አዘዋል። ዱዓህንና ቁርኣንህን ሳትተው ለቅርብ ሰው ዛሬውኑ ንገር፤ ሐኪም ዘንድም ሂድ። የኢማን ድክመት ነው ብሎ የሚያሳፍርህን አትስማ።

ውድ ወንድሞችና እህቶች! ሰዓቲቱ ደርሳ እንኳ በእጁ ችግኝ ያለ ሰው መትከል ከቻለ እንዲተክል ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) መክረዋል። ፍሬውን ማን ሊበላው? ጥያቄው የፍሬው አይደለም፤ በእጅህ ያለው ችግኝ ነው። ያንተ ችግኝ ምንድን ነው? የሰፈራችሁን አንድ ክፍተት ከታች ጻፉ፤ ምናልባት ሌላው ወንድም ወይም እህት የምትፈልጉት ነገር በእጁ ይሆናል።

አላህ ሥራችንን ለፊቱ የጠራ ያድርግልን፤ የሚጠቅመንን ያሳውቀን፤ ባወቅነው ይጥቀመን። የወጣቶቻችንን እድሜ በኸይር ይሙላው። ኣሚን!

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።